የኤረር በር ሸክም ማሳረፊያ

«ፊደል ባልቆጥር ዓይንም የለኝ መሰላችሁ? በሩን ስታድሱ ማን ጠየቀኝ?» አሉ እማማ ሥርጉት፣ በከተማው ግንብ በር፣ በኤረር በር፣ ድንች ከሚቸረችሩበት መደብ ሳይነሡ።

ወጣቱ መሐንዲስ አዲሱን አግዳሚ ወንበር መታ መታ አደረገ። «ለገጠር እንግዶች ብለን ነው እኮ፣ እማማ። ያፈረስነው ድንጋይ ወገብ የሚደርስ፣ ለመቀመጫ የማይሆን ነበር።»

ይህን ሲል ከገጠር፣ ከድሬ ጠያራ፣ እንጨት ተሸክማ የመጣች ዋፊቃ የምትባል ሴት ከነሸክሟ ወንበሩ ላይ ዝቅ አለች። «ይኸው!» አለ መሐንዲሱ ደስ ብሎት። ላቧን ጠርጋ ልትነሣ ስትሞክር ግን ሸክሙ መልሶ አስቀመጣት። ደግማ ሞከረች፤ ገመዱ ደረቷ ላይ ጠበቀ። ድንጋዩ ሳለ እንደ ቆመች ጀርባዋን አስጠግታ ሸክሟን ታሳርፍና ማንንም ሳትለምን መንገዷን ትቀጥል ነበር። አሁን በአላፊ አግዳሚው ፊት አንገቷን ደፋች። «ወላሂ አልቻልኩም፣ አንሡኝ» አለች በቀስታ።

መሐንዲሱ እጁን ሲዘረጋ እማማ ሥርጉት በምርኩዛቸው መለሱት። «ተው! ነገ ስትመጣ አንተን ከየት ታምጣህ?» ብድግ ብለው ገመዱን ራሳቸው ፈቱና እንጨቱን ወደ እሱ ገፉት።

«በል ተሸከመውና ተቀመጥ። ከዚያ ማንም ሳይደግፍህ ተነሥ።»