አርባ ሦስት ፎቶ ከእህቷ ማድቤት

ልብስ ሰፊዋ ስልኩን በአውራ ጣቷ ገፋ፣ ገፋ እያደረገች ታያለች። እናቷ ድንች ስትልጥ። እናቷ ሊጥ ስታቦካ፣ እጇ እስከ ክርኗ ዱቄት ሆኖ። እናቷ ከድስቱ በማንኪያ ቀምሳ አንድ ዓይኗን ስትጨፍን። ሁሉም ታናሽ እህቷ ማድቤት ውስጥ የተነሱ ናቸው፤ በአስራ አምስት ቀን አርባ ሦስት ፎቶ።



ከፎቶዎቹ ሥር መልእክት አለ። «እትዬ፣ እማ እኔ ጋ ለምዳለች። ለምን እኔው ጋ አትኖርም? ከሰዓት መጥቼ ልውሰዳት፤ ሻንጣዋን አትፍቱት።»

ለምዳለች! ለአስራ አምስት ቀን ብላ ወስዳት፣ ገና ትናንት መልሳት፣ ዛሬ ደግሞ ለምዳለች! ስድስት ዓመት ሙሉ መድኃኒቷን በሰዓቱ፣ ሾርባዋን በትኩሱ ያቀረበችው ማን ሆነና? እናቷ አንዲት ሰሃን ስታነሳ እንኳ «ኧረ በሞቴ፣ ተቀመጪ!» ብላ ከእጇ ትነጥቃታለች። ያቺ ደግሞ አሮጊቷን ድንች አስልጣ፣ ፎቶ አንስታ ትልካለች።

ልብስ ሰፊዋን ያንገበገባት ግን ድንቹ አይደለም፤ የእናቷ ሳቅ ነው። እዚህ ቤት የተነሳቻቸው ፎቶዎች ሁሉ የመታወቂያ ይመስላሉ፤ እጇ ጭኗ ላይ፣ ከንፈሯ ግጥም ያለ።

ስልኩን ይዛ ሳሎን ገባች። እናቷ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች።

«እማ፣ ይሄ ምንድነው? ጉልበትሽን እያመመሽ እንዲህ ታሠራሻለች?»

«ኧረ እሷ ምን በወጣት! ቢላውን ራሴ ነኝ የቀማኋት። ግማሹን ድንች ከልጣጩ ጋር ስትጥለው ልይ እንዴ?» እናትየው ስልኩን ተቀብላ ፈገግ አለች። «ይቺ ደግሞ እህትሽ ጨው የረሳች ቀን ናት። ሰድቤ ሰድቤ ሲወጣልኝ ነው የሳቅኩት።»

«እኔስ? እኔ ምን አጎደልኩብሽ?» ጣቷን ወደ ስልኩ ቀሰረች። «ድሮም እሷን ነው የምትወጂው!»

«ወይ ጉድ! የሃምሳ ዓመት ሴትዮ ትቀናለች እንዴ?»

«አዎ፣ እቀናለሁ!»

እናትየው ልትስቅ ብላ ተወችው። ስልኩን መለሰችላት።

«ልጄ፣ እዚህ ምንም አልጎደለብኝም። ግን እስቲ፣ እዚህ ቤት ከገባሁ ሰድቤሽ አውቃለሁ?»

«ኧረ በጭራሽ።»

«በምን ልስደብሽ? ማድቤትሽን መች አስገብተሽኝ! እንግዳ ደግሞ የቤቱን ባለቤት አይሰድብም።»

ልብስ ሰፊዋ ማድቤት ገብታ ካሮት አወጣች። እጇ ለቁም ነገር የታመነ ነው፤ ጨርቅ ስትቆርጥ አንድ ክር አታዛንፍም። አሁን ግን ካሮቱን አንዱን አውራ ጣት አሳክላ፣ ሌላውን አጣማ፣ እየጎመደች ጣለችው። ቢላው ከመክተፊያው ጋር ሲጋጭ እንዲሰማ አድርጋ መታችው። በሩንም ወለል አድርጋ ተወችው።

ብዙ አልቆየም። ወንበሩ ሲጢጥ ሲል ሰማች፤ ቀጥሎ የእናቷ ነጠላ ጫማ ሸርተት፣ ሸርተት እያለ መጣ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ካሮት ነው፣ እማ።»

«ካሮትነቱንማ አየሁ! ምነው፣ ፈረስ ልትጋብዢ ነው?» ቢላውን መነተፈቻት። «ወግጂ ወዲያ! ሃምሳ ዓመት ሙሉ በልተሽ አንድ ካሮት መክተፍ ያቅትሽ? ምን ዓይነቷን ገልቱ ነው የወለድኩት እናንተዬ!»

ገልቱዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ጥርሷ አልከደን ብሏት ነው።

ስልኩ ጠራ።

«እማ፣ እሷ ናት። ልመጣ ነው ልትል ነው መሰለኝ። ምን ልበላት?»

እናትየው ቀና ሳትል ካሮቱን በስሱ መክተፏን ቀጠለች።

«እማ ሥራ ላይ ናት በያት።»