ለመርከብ የተሸኘ ትከሻ

«ና እንጂ፣ ትከሻህን አትሰስት!» ብሎ ጓደኛው ሊሻን ተንደርድሮ መጣና ቀኝ ትከሻውን በቀኝ ትከሻው ገጨው። አቤሴሎም ሳቀ። ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም። ሸሚዙ ሥር እሳት ከትከሻው ተነሥቶ፣ በብብቱ ዞሮ፣ ጡቱ ሥር ደርሶ እዚያው ጎጆ ቀለሰ።

የሆሳዕና መናኸሪያ ከተሠራ ጀምሮ እንዲህ ያለ ሽኝት አላየም። ዕድሩ ነቅሎ ወጥቷል፤ አቤሴሎም የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ነቅሎ ወጥቷል፤ ከጊምቢቹ አንድ አይሱዙ ሙሉ ዘመድ ወርዷል። ቲኬት ቆራጮቹ እንኳ ሚኒስትር የሚያልፍ መስሏቸው ጩኸታቸውን ቀንሰዋል። ይህ ሁሉ ሕዝብ የተሰበሰበው አቤሴሎምና ሚስቱ ዘነበች፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ደርባን ያለችው ልጃቸው ቤቴል በቆረጠችላቸው ቲኬት፣ መርከብ ሊሳፈሩ ስለሆነ ነው። ለሥራ አይደለም፣ ለስደትም አይደለም። ለመዝናናት!

«ታዲያ መርከቡ የት ያደርሳችኋል?» አለች የጊምቢቹ አክስቱ።

«የትም። ባሕሩን አዙሮ አሳይቶ እዚያው ይመልሰናል።»

«ወይ ጉድ! ለመመለስማ እዚሁ መቀመጥ አይሻልም ነበር?»

ሕዝቡ ተንከተከተ። አቤሴሎም ይህን መርከብ ከጥምቀት ጀምሮ ሲያወራው፣ መርከቡም አብሮ ሲያድግ ከርሟል። ሲጀመር አሥር ፎቅ ነበር፤ ፋሲካ ላይ ሃያ ገባ፤ አሁንማ የሀደሮ ገበያ ከነከብቱ ቢጫንበት ወደ አንድ ጎን ዘንበል አይልም።

ያላወራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አልማዝ ባለጭራ ይዞታል። ከሚያቃጥሉት ውሃ ቋጠሮዎች አብዛኞቹ ደርቀዋል፤ ትከሻው ላይ ያሉት ግን ገና ናቸው። ነርሷ ገነቴ «ጋሼ፣ ቅርፊት ሳይዝ ሰው መሀል አይግቡ፤ በተለይ እርጉዝ ሴትና ሕፃን አይጠጉ። ፈሳሹ ከነካቸው ጉድፍ ሊይዛቸው ይችላል» ብላ አስጠንቅቃዋለች። እሱ ቁስሉን በፋሻ ሸፈነው፤ ላዩ ላይ ሸሚዝ፣ ሸሚዙ ላይ ኮት፣ ኮቱ ላይ ዝምታ ደረበበት።

ለምን ቢባል፣ በዚህ ከተማ የአልማዝ ባለጭራ ስም ሲነሣ ሰው በሹክሹክታ አንድ ሌላ ስም ይጨምርበታል፤ ኤች አይ ቪ። አቤሴሎም ተመርምሯል፤ የለበትም። ቢሆንም የምርመራ ውጤት ግንባር ላይ ተለጥፎ አይኬድም። ወሬው ደግሞ እሱ ላይ አይቆምም፤ ዘነበችንም ይጎትታታል።

«ጋሼ!»

ሕዝቡን ከፍላ የመጣችው የጎረቤቱ ልጅ ዮዲት ነበረች። ባሏ አማኑኤል ደርባን ሱቅ አለው። ለሠርጋቸው መጥቶ ትንሽ ሰንብቶ ተመለሰ፤ እሷም ይኸው፣ ሆዷ ከፊት ከፊት ይመራታል። በዚህ አገር ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሄድ ሰው ባዶውን አይሸኝም፤ እናት ለልጇ፣ ሚስት ለባሏ፣ መንገደኛውን አቅፋ «ይቺን አድርስልኝ» ትላለች። መንገደኛውም እዚያ ሲደርስ እቅፉን ለባለቤቱ ያስረክባል። አደራ ነው።

«ለአማኑኤል ይቺን ያድርሱልኝ» ብላ ሁለት እጇን ዘረጋች።

አቤሴሎም ወደ ኋላ አፈገፈገ። «በቃል እነግርልሻለሁ፣ ልጄ።»

«ምነው ጋሼ፣ እቅፍ በቃል ይደርሳል እንዴ?» እየሳቀች ተጠጋች። እሱ አሁንም አፈገፈገ፤ ጀርባው ከአውቶቡሱ ጎን ተላተመ።

«ኧረ በሕግ!» አለ ሊሻን። «መርከቡን ገና ሳታየው እንዲህ ከኮራህ፣ አይተኸው ስትመለስማ በደብዳቤ ልንጠይቅህ ነው!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። የዮዲት እጆች ግን አየር ላይ ቀሩ። «ጋሼ፣ ምን አጠፋሁ?» አለች፤ ዓይኗ ውሃ ሞላ።

ዘነበች ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ «በግራ በኩል እቀፋትና ይለፍ። በናትህ፣ አታዋርደን» አለችው።

አቤሴሎም እጁን ኮቱ ሥር ሰደደ። ፋሻው ተንሸራቷል፤ ሸሚዙ ርሷል። የሽኝቱ ትከሻ ሁሉ አፍርጦታል።

«አልማዝ ባለጭራ ይዞኛል።»

ሲያስተምር ድምፁ ዱራሜ ድረስ የሚሰማ ሰው፣ ይህችን ሲላት አጠገቡ ያለ እንኳ አልሰማውም።

«ምን አልክ?» አለ ሊሻን።

«አልማዝ ባለጭራ! ገና አልደረቀም። አትንኪኝ ዮዲት፤ ለሆድሽ ነው!»

መናኸሪያው ውሃ የተደፋበት ፍም ሆነ። ዮዲት ሆዷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ሊሻን የራሱን ትከሻ በመዳፉ ጠረገ፤ ከዚያ መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገ። ዓይን ሁሉ ከአቤሴሎም ወደ ዘነበች ሄደ፤ ከዘነበችም ወደ አቤሴሎም ተመለሰ። የከበባቸው ሰው ክብ እየሰፋ፣ እየሰፋ ሄደ።

«አዲሳባ! ሞልቷል፣ ግቡ!» አለ ረዳቱ።

አቤሴሎም በመስኮቱ ወደ ውስጥ ተመለከተ። ከመቀመጫቸው አጠገብ አንዲት እናት አራስ ልጇን ታጠባለች። ሃያውም ፎቅ፣ በየፎቁ የሚታቀፈው ሕፃን ሁሉ በአንዴ ዓይኑ ላይ መጣ።

«ሻንጣችንን አውርዱልን» አለ።

«መርከቡስ?» አለች ዘነበች።

አፉን ከፈተ። ስለዚያ መርከብ የሚለው ነገር ሲያጣ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ተሸካሚው ጣሪያው ላይ ወጥቶ ሻንጣውን በገመድ ለቀቀው። ጠዋት ሲጫን ስንት እጅ ተሻምቶበት ነበር። አሁን ግማሽ መንገድ ላይ ተንጠልጥሎ ቀስ እያለ ዞረ፤ ዙሪያውን ሰው ሞልቶ አንድም እጅ አልተነሣም። ዘነበች ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ ታጠቀች፤ በእግር ጣቶቿ ቆማ ሁለት ክንዷን ወደ ላይ ዘረጋች።