የእኔ ምት በስንዱ ደረት

የሚስቴ የስንዱ ልብ የራሱን ኤሌክትሪክ ማመንጨት ካቆመ ወዲህ፣ ደረቷ ውስጥ የገባች የሽንብራ ፍሬ የምታክል መሣሪያ የእኔን ልብ ምት እየተቀበለች የእሷን ታስመታለች። የእኔ ሲፈጥን የእሷም ይፈጥናል። ስለዚህ ደረጃ በዝግታ እወጣለሁ፤ ኳስም አላይም፣ ሲያልቅ ውጤቱን እጠይቃለሁ። ልብህ ከሮጠ የእሷ አይችለውም ብሎኛል ሐኪሙ።

ዛሬ ልጃችንን ናሁሰናይን ቀብረን ተመለስን። ድንኳኑ ውስጥ ዘመድ ጎረቤቱ ደረቱን እየደቃ ያለቅሳል። እኔ እንደተማርኩት በአፍንጫዬ ቀስ ብዬ እየተነፈስኩ የድንኳኑን ምሰሶ አያለሁ።

"አባት ሆኖ አንድ እንባ እንኳ?" አለች አንዲት ጎረቤት ከኋላዬ፣ እንድሰማት አድርጋ።

ስንዱ ሰማቻት መሰለኝ፣ ከሴቶቹ መሃል ተነሥታ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። እጇ ደረቷ ላይ ነው።

"አመመሽ እንዴ?" አልኳት ደንግጬ።

"ሰው አይሰማህም እንጂ፣ ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ውስጥ ስታለቅስ ነው የዋልከው" አለችኝ። እጄን ወስዳ ከእጇ ሥር አደረገችው። "ይኸው ችዬው ውያለሁ። በል አሁን ድምፅህን አውጣ።"