ጥርሱ ያላለቀው ጎማ

«ጥርሱ እኮ እንዳለ ነው! ምኑ ነው የሚቀየረው?!»

ጋሽ ዌንደል አረንጓዴ ኮፍያቸውን አውልቀው መልሰው ደፉት... ሲናደዱ እንዲህ ያደርጋሉ።

የመጡት ንፋስ ሊሞሉ ብቻ ነበር።

ከነብራስካ ተነስተው ተጎታች ቤታቸውን በፒክአፕ እየጎተቱ ወደ አሪዞና፣ ልጃቸው ኩርት ጋ እየሄዱ ነው።

ወደ በረሃው ከመግባታቸው በፊት ቱከምካሪ በምትባል ከተማ አድረው፣ በማለዳ ጎማው ሳይሞቅ ንፋስ መለካት የሰላሳ ዓመት ልማዳቸው ነው። ከቤተክርስቲያን ቢቀሩ ከዚህ አይቀሩም።

ጎሚስታዋ ጆዲ ግን የንፋሱን ቱቦ እንደያዘች የተጎታቹ ጎማ ስር ቁጢጥ ብላ አልነሳም አለች...

«አባባ፣ ጥርሱን ይተዉት። እስቲ እዚህ ጎኑ ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች ያንብቡልኝ።»

«መነጽሬ መኪና ውስጥ ነው።»

«እኔ ላንብበው?» አሉ ባለቤታቸው አርቪላ።

«ማንም አያንብብ!»

እውነቱን ለመናገር ጋሽ ዌንደልን ያናደዳቸው ጎማው ብቻ አልነበረም...

ከሁለት ሳምንት በፊት ኩርት ደውሎ፣ «አባዬ፣ ያንን ተጎታች ቤት ተወውና በአውሮፕላን ኑ» ብሏቸው ነበር።

ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጉበት።

«አፈረብን! አዲስ ሰፈር ገባና ቆርቆሯችንን ጎረቤት እንዳያይበት ፈራ!»

«ኧረ አንተ ሰውዬ...» ብለው ነበር አርቪላ።

«ደጁ ስደርስ ፊቱን ካጨማደደ፣ ሳልወርድ ነው የምመለሰው። ሁለተኛ አልረግጠውም!»

ይህን ሲሉ የስምንት ወር የልጅ ልጃቸውን ገና አላዩዋትም። ጋሽ ዌንደል ደግሞ ያሉትን የሚያደርጉ ሰው ናቸው... አርቪላ መንገዱን ሙሉ ሲጸልዩ የነበረው ለዚህ ነው።

በመጨረሻ መነጽሩ መጣ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች ጎማው የተሠራበት ሳምንት፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ደግሞ ዓመተ ምሕረቱ ናቸው።

ጋሽ ዌንደል በጣታቸው ቆጠሩ... ደግመው ቆጠሩ...

ዘጠኝ ዓመት!

በየፀደዩ በጥቁር ቅባት የሚወለውሉት ጎማ!

ጆዲ አንዱን ፈትታ በውስጥ በኩል ያለውን ጎኑን አዞረችላቸው። ዳር እስከ ዳር ተሰነጣጥቋል።

«የመኪና ጎማ በመሮጥ ያልቃል፣ አባባ። የተጎታች ጎማ ግን በመቆም ነው የሚያልቀው።»

ጋሽ ዌንደል ወደ መደርደሪያው አመለከቱ። «እሺ፣ ያንን የቤት መኪና ጎማ ግጠሚልኝ።»

«እሱን ለእርስዎ አልሸጥም። ጎኑ ስስ ነው፣ ይህን ሁሉ ቤት አይችልም።»

«ገበያ አትፈልጊም እንዴ?»

«እፈልጋለሁ። ሲመለሱም ላገኝዎት እፈልጋለሁ። ለመሆኑ ውስጥ ምን ጭነዋል?»

«ምን እንጭናለን? ልብስና ብርድ ልብስ!»

አርቪላ ሰማዩን ማየት ጀመሩ...

«የስፌት መኪናዬም አለ... ትንሽ የኮክ ማርማላታም አለ።»

«ስንት ጠርሙስ ይሆናል?»

«ስልሳ።»

«ስልሳ?!» ብለው የጮኹት ጋሽ ዌንደል ናቸው።

አሮጌውን ጎማ መልሳ አሰረችና ቀስ ብለው እየነዱ መንገድ ማዶ ወዳለው የጭነት መኪና ሚዛን ሄዱ። ሚዛን ደግሞ ይሉኝታ አያውቅም... ጭነቱ አሮጌው ጎማ ከሚችለው በላይ ነበር።

ሲመለሱ ጆዲ ቸርኬው መቻሉን አረጋግጣ፣ ለተጎታች ብቻ ከተሠሩት ጎማዎች ውስጥ ጭነት የመሸከም አቅሙ በአንድ ደረጃ የሚበልጠውን አወጣች። የእያንዳንዱንም ቁጥር አነበበች። አንዱ መደርደሪያ ላይ ሦስት ዓመት ተኝቶ ነበርና ወርውራው ሌላ አመጣች።

«ይቺ ልጅ ለገዛ አባቷም እንዲህ አትጠነቀቅም» አሉ ጋሽ ዌንደል በሹክሹክታ።

ጆዲ ሰምታ ፈገግ አለች... የመጨረሻውን ብሎን አጠበቀች።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ኩርት ደጅ ደረሱ።

ኩርት ሮጦ ወጣ... ግን አባቱን አላቀፈም። ቀጥ ብሎ ወደ ተጎታቹ ሄደና ጎንበስ አለ።

የጋሽ ዌንደል እጅ የሞተሩን ቁልፍ ያዘ። «አላልኩሽም? ከእኛ ይልቅ ቆርቆሮውን ነው የሚያየው! እንመለሳለን!»

«ቆይ አንዴ... እየው» አሉ አርቪላ።

ኩርት አራቱን ቁጥሮች በጣቱ ዳሰሰ... አነበበ... ከዚያ እዚያው አፈር ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠና እንደ ልጅ አለቀሰ።

«እውነትም ቀይራዋለች... ጆዲ እውነቷን ነው...»

ጋሽ ዌንደል ወረዱ። «ጆዲን ደግሞ የት ታውቃታለህ?!»

ኩርት የተገለበጡ መኪኖችን የሚያነሳ የአውራ ጎዳና ክሬን ነጂ ነው።

«ባለፈው ክረምት የእናንተን የመሰለ ተጎታች ከገደል አወጣሁ፣ አባዬ። ባልና ሚስት ነበሩ... የጎማው ጥርስ አዲስ ነበር።»

እንባውን በእጅጌው ጠረገ።

«በአውሮፕላን ኑ ስልህ ስልኩን ዘጋህብኝ። ስለዚህ ቱከምካሪ ያሉ ጎማ ቤቶች ሁሉ ጋ ደወልኩ። አረንጓዴ ኮፍያ ያደረገ ሽማግሌ በማለዳ ንፋስ ሊሞላ ይመጣል፣ ጥርሱ እንዳለ ነው ብሎ ይጨቃጨቃችኋል... እባካችሁ ቁጥሩን አስነብቡት፣ እኔ እንደነገርኳችሁ ግን እንዳይሰማ አልኳቸው። ትናንት ጆዲ ቀይሬዋለሁ ብላ ደወለችልኝ። እኔ ብልህ ኖሮ ትቀይረው ነበር?»

ጋሽ ዌንደል ኮፍያቸውን አወለቁ... መልሰው አልደፉትም።

«አልቀይረውም ነበር» አሉ።

ያኔ ነው ቀና ብለው ግቢውን ያዩት። ከቤቱ ፊት ለፊት፣ ጎረቤት ሁሉ በሚያየው ቦታ፣ ከዛፉ ጥላ ስር... መሬቱ ተደልድሎ፣ ጠጠር ተነጥፎበት፣ የመብራትና የውሃ መስመር ተዘርግቶለት ተጎታች ቤታቸውን ይጠብቃል።

ልጃቸውን አቀፉት። ሕፃኗንም በዚያች ቀን ታቀፏት... አርቪላም የመጀመሪያውን ማርማላታ ከፈቱ።

ወዳጆቼ... የወላጅና የልጅ ፍቅርም እንደዚያ ጎማ ዝም ብሎ ሲቆም ከላይ ሲታይ ደህና ይመስላል። ስንጥቁ ያለው በውስጥ በኩል ነው። ሳይፈነዳ ጎንበስ ብሎ ማየት ያዋጣል።

እናንተስ... «ንቆኛል» ብላችሁ የተቀየማችሁት፣ ኋላ ግን ከጀርባችሁ ስለ እናንተ ሲጨነቅ የደረሳችሁበት ሰው አለ? ማን ነው? ስሙን ከታች ጻፉለት... ጽፋችሁ ስትጨርሱ ደግሞ ደውሉለት።