የክብር ቦታ

አብሮ አደጌ ዶክተር ይርዳው ከስንት ዘመን በኋላ ደወለልኝ። «የሠራሁት አንቴና ሊገመገም ነው፤ ያላንተ አይሆንም» አለኝ። በሠርጉ እንኳ ያልጠራኝ ሰው! ሚስቴን «ከስምንተኛ ክፍል ቢቀርም ባሌ ይፈለጋል በዪ» ብያት፣ የወንድሟን ኮት ተውሼ ሄድኩ።

ላብራቶሪው ውስጥ ገምጋሚዎቹ እያዩ አቀፈኝና ከአንቴናው ፊት ለፊት አቆመኝ።

«ወንድሜ፣ እንዳትነቃነቅ።»

ሊያስተዋውቀኝ መስሎኝ ኮቴን ቆለፍኩ።

ከኋላዬ የሲግናል መቀበያውን የሚያዩት ገምጋሚ ተገረሙ። «ሲግናሉ ምንም አልቀነሰም!»

«ሰው ቢጋርደውም ያልፋል ያልኳችሁ ይኸው» አለ ይርዳው። «ለዚህ ብዬ እኮ ነው ደንደን ያለ ሰው ፈልጌ ያመጣሁት።»

«ግሩም ዲዛይን ነው! ሰውየው ጭራሽ የሌለ ያህል ነው።»

ሁሉም አጨበጨቡ። እጄን የማደርግበት ባጣ እኔም አጨበጨብኩ።