ለእማማ በዛች የተነፋው ጥሩምባ

አሕመድኑር ከዳገቱ ላይ ሁለተኛውን ኡኡታ ሲለቀው፣ ከታች ያሉት የቆርቆሮ በሮች ተራ በተራ ተዘጉ። አንዲት ሴት ሮጣ ወጣችና ልጇን ከደጅ አፈፍ አድርጋ ገባች። ከካቻምና ወዲህ በዚች ትንሽ ከተማ ኡኡታ የሰማ ሰው በሩን ቀርቅሮ ይተኛል እንጂ አይወጣም። ተኩስ ያስተማረው ሕዝብ ነው፤ አይፈረድበትም። እሳት ግን በር ስለዘጉበት አልፎ አይሄድም።

ሦስት ቀን ሙሉ ከተራራው ወዲያ ሲጨስ ሰንብቷል። ሰዉ ከመስጊድም ከቤተ ክርስቲያንም ሲመለስ አንጋጦ ያየውና «የማዶዎቹ ነው» ብሎ ይገባል። ሳይቃጠል በቅጠል ብሎ የተነሳ አልነበረም፤ አሕመድኑርም ራሱ አልተነሳም። ዛሬ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ዞረ። አሁን እሳቱ የደረቀውን ሣር እየበላ ቁልቁል ይወርዳል። ከሣሩ ቀጥሎ ባሕር ዛፍ አለ፤ ከባሕር ዛፉ ቀጥሎ የእማማ በዛች ቤት፣ ከእሳቸው ቤት ቀጥሎ አርባ ቤት።

ዶማና አካፋ የያዘ ሃያ ሰው ቢገኝ፣ ከባሕር ዛፉ በላይ ያለውን ሣር ከነሥሩ ገፎ እሳቱን ባዶ አፈር ላይ ማስቆም ይቻላል። ወደ ትልቁ ከተማ መካነ ሰላም ደውሎ እንዳይጮህ ስልኩ ከጠዋት ጀምሮ ኔትወርክ የለውም።

«ጥሩምባህን ንፋው» አሉ እማማ በዛች ከበራቸው ላይ ከዘራቸውን ተደግፈው።

ዞር ብሎ አያቸው። የቅሬው፣ የቀብር ዕድሩ፣ ጠሪ እሱ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ እስላም ይሙት ክርስቲያን፣ ጥሩምባ ነፍቶ የሟቹን ስም ያሰማል፤ ሰዉም የያዘውን ጥሎ ይወጣል። ጥሩምባው ለሌላ ለምንም ተነፍቶ አያውቅም።

«ማን ሞተ ብዬ?»

«እኔን በላ።»

«ይተዉ እማማ! በቁም ያለ ሰው መርዶ ይነገራል? ወላሂ አላደርገውም።»

«ለኡኡታ ያልወጣ ለቀብር ይወጣል። ከቅሬ የቀረ ቀባሪ እንደሌለው ማን ያጣዋል? እኔ እንደሆን ሰማንያዬን ጨርሻለሁ። ከሞቱ አሟሟቱ ነው ልጄ።»

«ሟርት ነው።»

«ሟርቱስ ያው ከላይ እየወረደ ነው፤ አታየውም?» ድምፃቸው ሳሳ። «ብቻ ጂዳ ያለችው ልጄ ምህረቴ እንዳትሰማ።»

«ኔትወርክ የለም። አትሰማም።»

«እንግዲያ ቶሎ ግደለኝ።»

አሕመድኑር ቢስሚላህ ሊል ከንፈሩን ከፈተና ተወው። ለውሸት ቢስሚላህ አይባልም። ጥሩምባውን ሦስት ጊዜ ነፋ።

«የቅሬ ሰው! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! እማማ በዛች አርፈዋል!»

ድምፁ ሳይንቀጠቀጥ ወጣ፤ ይህ ራሱን አስፈራው። እማማ በዛች አማተቡ።

የተዘጉት በሮች ተከፈቱ። ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ሽማግሎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ዳገቱን ሞሉት። አሕመድኑር ደስ አለው። ሲያለቅሱ እየሰማ ደስ አለው፤ አላህ ይቅር ይበለው።

ቀድማ የደረሰችው ጎረቤታቸው ብርሀንነሽ ነበረች። ደረቷን እየደቃች መጥታ አሮጊቷን ቆመው ብታያቸው መሬት ላይ ዘጭ አለች።

«አልሞትኩም፤ ተነሽ» አሏት እማማ በዛች። «እንባሽን አቆዪልኝ። አሁን ያን እዪ።»

ሁሉም ቀና ብለው አዩ። ለቅሶው በአንድ ጊዜ ተቆረጠ፤ የሣሩ መንጣጣት ተሰማ። ብርሀንነሽ ነጠላዋን ጥላ ሽቅብ ሮጠችና ሣሩን በእጇ ትነጨው ጀመር። ሌሎቹ ተከተሏት።

አሕመድኑር የመጣውን ሰው በዓይኑ ለቀመው። ሴት፣ ሽማግሌ፣ ሴት። ሁሉም ባዶ እጁን ነው። የቅሬው ዳኛ ጋሽ ገበየሁ እያለከለኩ ሲደርሱ ክንዳቸውን ያዘ።

«ጎልማሶቹ የታሉ? ዶማው የታለ?»

ጋሽ ገበየሁ እንደ ሞኝ አዩት።

«ዶማ ለቅሶ ቤት ምን ይሠራል? አንተ አይደለህ እንዴ የጠራኸው? እንደ ደንቡ ነዋ፤ ስሙን እንደሰሙ በቀጥታ ወደ ሚካኤል ሄዱ።»

አሥራ ዘጠኝ ዓመት! በየቀብሩ ያየው ነገር ነው፤ ሰዉ ወደ ሟቹ ቤት፣ ዶማና አካፋው ወደ መቃብሩ። እንዴት ጠፋው? ሚካኤል ከወንዙ ማዶ ነው። ወርዶ ጠርቶ ለመመለስ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ እሳቱ ደግሞ ባሕር ዛፉ ጫፍ ደርሷል። የመጀመሪያው ዛፍ ሲያያዝ ሙቀቱ ማጅራቱ ላይ ተሰማው።

ከበሩ ፊት ያለው ድንጋይ ላይ ወጣ። ከማዶ፣ ከጥዶቹ ሥር፣ በርቀቱ ትንንሽ የመሰሉ ሰዎች ክብ ሠርተው ይታያሉ። ሃያ ይሆናሉ፤ ሃያም ሳይበልጡ አይቀሩም። ዶማዎቹ ከፍ ዝቅ ይላሉ።

ጥሩምባውን አፉ ላይ ደገነ።

«ተው!» አሉ ጋሽ ገበየሁ። «ከመርዶው በኋላ ዳግመኛ ከተነፋ ሬሳው ከቤት ተነስቷል፣ ፍጠኑ ማለት ነው!»

ሰምቷቸዋል። ግን ሌላ ምን በእጁ አለ? ሳንባው እስኪነድ ነፋው።

ከማዶ ሰዎቹ ቀና አሉ። አንዱ እጁን ከግንባሩ ላይ አድርጎ ወደ ጭሱ ያየ መሰለ። ከዚያ ሁሉም ጎንበስ አሉና መቃብሩን በጥድፊያ ይቆፍሩ ጀመር።