አልነቃነቅ ያለው እንቁላል

እናታችሁ የበላችው ምግብ የት እንደሚገባ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?

ቢንያም ጠይቋል። እናቱ ወይዘሮ ከበቡሽ ላንግሊ ፓርክ ባለው አፓርታማው ውስጥ ሁለት ጊዜ ራሳቸውን ስተው ወድቀዋል። ስኳራቸው የሚወርደው ኢንሱሊን ተወግተው፣ ቁርስ ቀርቦላቸው ነው። ሳህኑ ሁልጊዜ ባዶ ነው።

«መርፌውን ደርበሽ ትወጊያለሽ» አላቸው።

«ልሙት ብዬ?»

«እኔን ለማስደንገጥ።»

ከዚያ ወዲህ መርፌውን መኝታ ቤቱ ቆልፎበት ጠዋት ጠዋት ራሱ ይወጋቸዋል። ጾምም ቢሆን እንቁላል በቅቤ ጠብሶ በረንዳ ላይ ያስቀምጥላቸውና ወደ ሥራ ይሮጣል። ቢንያም ጴንጤ ከሆነ ቆይቷል። «በሽተኛ አይጾምም፤ የራሳችሁም ቄስ ብለዋል» ይላል። እሳቸውም «እሺ» ይላሉ። ሚስቱ ሜሪ የምታማርረው በረንዳውን በሚያቆሽሹት እርግቦች ብቻ ነው።

ስኳራቸው መውረዱን አልተወም።

«አንዴ ከደገመሽ በልትስቪል ነርሲንግ ሆም ትገቢያለሽ» አለ ቢንያም። «እዚያ አጠገብሽ ቁጭ ብለው ያጎርሱሻል።»

ወይዘሮ ከበቡሽ ለመጀመሪያ ጊዜ «እሺ» አላሉም።

ሐኪማቸው ግን ሌላ ነገር ጠረጠረ። ስኳር የቆየበት ሰው ጨጓራው ይሰንፋል፤ መርፌው ሥራውን ሲጀምር ምግቡ ገና እዚያው ተቀምጧል። እዚያው አቅራቢያ ባለችው አሌክሳንድሪያ ከተማ ውስጥ ይህንኑ የሚያጠኑ ሰዎች አሉ። የወይዘሮ ከበቡሽ ጨጓራ ሰንፎ ከተገኘ ጥናቱ ውስጥ ይገባሉ፤ ነርሲንግ ሆሙ ይቀራል።

በነሐሴ ሄዱ። የጥናቱ ነርስ ፀዳለ ጥቂት ጨረር የተቀላቀለበት የእንቁላል ሳንድዊች አቀረበች። ካሜራው ጨረሩን ተከትሎ ምግቡ የደረሰበትን ያሳያል።

«እማማ፣ ፍልሰታ መሆኑን አውቃለሁ። ምርመራው ግን በእንቁላል ነው።»

«በሽተኛ አይጾምም ይላል ልጄ። ብቻ ሰው እያየኝ አልበላም።»

«እናቴም እንደዚሁ ናት» ብላ ፀዳለ ፊቷን አዞረች። ወይዘሮ ከበቡሽ ነጠላቸውን ተከናነቡ። ሳህኑ ባዶውን ተመለሰ።

«መቀነቱን እንፍታው?» አለች ፀዳለ።

«ብረት የለበትም። ወገቤ ያለሱ አይቆምም።»

በየሰዓቱ እየጠሩ ካሜራው ፊት አቆሟቸው። በመሀል፣ መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ሆዳቸው ጮኸ። ቢንያም ከስልኩ ቀና አለ።

«እንቁላሉ መንገድ ጠፍቶት ነው» አሉት።

በአራተኛው ሰዓት የጥናቱ ሐኪም ስክሪኑ ላይ አፈጠጠ። ምግቡ ንቅንቅ አላለም። እንዲህ ያለ ጨጓራ አይቶ አያውቅም።

«ትንሽ ወደ ታች አልወረደም?» አለች ፀዳለ።

«ሲሰንፍ ይረግባል» አለ ሐኪሙ።

ጥናቱ ውስጥ ገቡ። ጥናቱ እስኪያልቅ ሥጋና ቅቤ፣ የሚከብድ ነገር ሁሉ እንዳይቀምሱ ታዘዘ።

ቢንያም እናቱን ደግፎ ወደ መኪናው ወሰዳቸው። ቤት ሲደርሱ እናቱ በቀጥታ መታጠቢያ ቤት ገብተው ቆለፉ። ቢንያም ግንባሩን በሩ ላይ አስደገፈ።

«እማዬ፣ ያለ ኃጢአትሽ ዋሾ አደረግሁሽ። ይቅር በይኝ። ሜሪንም በእርግቦቹ ስላማረረች ይቅር በያት።»

ወይዘሮ ከበቡሽ መቀነታቸውን ፈትተው የተጠፈጠፈውን የእንቁላል ሳንድዊች መጸዳጃው ውስጥ ጣሉ፤ ውሃ ለቀቁበትና «ማንንም ይቅር አልልም» አሉ።